በአባትና በልጅ መካከል የተረሳው ቤክሬል

ቤክሬል የሚለውን ስም ስትሰሙ ትዝ የሚላችሁ የጨረራ ነገር ይሆናል። ልክ ናችሁ፤ እ.ኤ.አ በ1896 ራዲዮአክቲቪቲን ያገኘው፣ የጨረራ መለኪያውም በስሙ የተሰየመለት አንሪ ቤክሬል ነው። እኔ ግን ለዛሬ ላስተዋውቃችሁ የወደድኩት የአንሪን አባት ኤድሞንን ነው። የጋዜጠኝነት ተማሪን ከፊዚክስ ምን አገናኘው እንዳትሉኝ፤ ምክንያቱን መጨረሻ ላይ ታገኙታላችሁ።

ኤድሞን እ.ኤ.አ በ1820 ፓሪስ ውስጥ ተወለደ። አባቱ አንትዋን ሴዛርም የታወቀ የፊዚክስ ሰው ነበር። ልጁ በ18 ዓመቱ ሁለት ስመ ጥር ከፍተኛ ትምህርት ቤቶች ቢቀበሉትም ሁለቱንም ትቶ በፓሪሱ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም የአባቱ ረዳት ሆነ።

በ1839፣ ገና በ19 ዓመቱ፣ በሲልቨር ክሎራይድ የተቀቡ የፕላቲነም ቁራጮችን አሲድ ባለው ውሃ ውስጥ ነከረ። ብርሃን ሲያርፍባቸው በሽቦው ኮረንቲ አለፈ። ባትሪ የለ፣ ሌላ ምንጭ የለ፤ ብርሃን ብቻ! ታዲያ ለምን እንደሚያገለግል የሚያውቅ አልነበረም።

ኤድሞን ዕድሜውን ሙሉ ከብርሃን ጋር ኖረ። በ1848 የፀሐይን ቀለማት በፎቶግራፍ አስቀረ፤ ምን ዋጋ አለው፣ ምስሉ ከጨለማ ከወጣ ይደበዝዛል። ስለ ብርሃን ባለ ሁለት ቅጽ መጽሐፍ ጻፈ። በ1878 አባቱ ሲሞት ቦታውን ተረከበ፤ በ1891 እሱም አረፈ።

ከሙከራው 133 ዓመት በኋላ፣ በ1972፣ ፉጂሺማና ሆንዳ የተባሉ ጃፓናውያን በዚያው መንገድ ተጓዙ። ከነጭ ቀለም መሥሪያው ከቲታኒየም ዳይኦክሳይድ በተሠራ ኤሌክትሮድ ላይ ብርሃን አብርተው ውሃን ወደ ኦክስጅንና ሃይድሮጅን መክፈል እንደሚቻል አሳወቁ። ሃይድሮጅን ደግሞ ሲነድ ጭስ የሌለው፣ ተመልሶ ውሃ የሚሆን ነዳጅ ነው።

ችግሩ፣ ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ የሚጠቀመው የፀሐይን አልትራቫዮሌት ጨረር ብቻ ነው፤ ይህም ከጠቅላላው 5 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ ተመራማሪዎች ፊታቸውን ወደ ብረት ኦክሳይድ፣ ማለትም ወደ ተራው ዝገት አዞሩ። ዝገት ርካሽ ነው፤ በዓይን የሚታየውንም ብርሃን ይቀበላል። ነገር ግን በብርሃን የተፈጠረው ኃይል ጥቂት ናኖሜትር ሳይሄድ ይከስማል። መፍትሔው ዝገቱን እጅግ ማሳሳት፣ ቆርቆሮን የመሰለ ሌላ ብረት በጥቂቱ መቀላቀል፣ ላዩን ደግሞ ኬሚካላዊ ለውጡን በሚያፋጥን ነገር መሸፈን ነው። በየቤተ ሙከራው እስካሁን የሚለፋበት ይኸው ነው።

አሁን ወደ እኛ ሙያ ልምጣ። በ1839 ዘጋቢ ሆኜ ኤድሞን ዘንድ ብሄድ መጀመሪያ የምጠይቀው ጥቅሙ ምንድን ነው ብዬ ነበር። መልስ ሲያጣ ዜናው አይረባም ብዬ ደብተሬን እዘጋለሁ። እኛ የምንቸኩለው ለዛሬ ምሽት ዜና ነው፤ አንዳንዱ ዜና ግን ለመብሰል መቶ ዓመት ይፈልጋል። ጥቅሙ ያልታወቀ ግኝት ሲገጥመን አንጣለው፤ የታየውን በትክክል መዝግበን እናቆየው። የሚጠቀምበት ሰው ገና አልተወለደ ይሆናላ!