ዮሐንስ ኬፕለር፦ አዲሱን ኮከብ በትዕግሥት የተመለከተ አማኝ

በጎግ ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት ከቤት ወጥቶ ቀና ያለ ሰው ሰማዩ ምን ያህል በከዋክብት እንደሚሞላ ያውቃል። በእንዲህ ያለ ሌሊት ከወጣቶቻችን አንዱ፣ ኮከብ ይሞታል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አዎን፣ ይሞታል። አንዳንድ ከዋክብት በዕድሜያቸው መጨረሻ በታላቅ ፍንዳታ ያልፋሉ፤ ይህም ሱፐርኖቫ ይባላል። ዛሬ ተመራማሪዎች ሱፐርኖቫን የሚያዩት በሌሎች ጋላክሲዎች ውስጥ ነው። በራሳችን ጋላክሲ ውስጥ ብዙ ሕዝብ በዓይኑ ያየው የመጨረሻው ሱፐርኖቫ ግን እ.ኤ.አ. በ1604 ዓ.ም. የታየው ነው። ያንን ኮከብ በትጋት ያጠናው ዮሐንስ ኬፕለር የተባለ ጀርመናዊ አማኝ ነበር (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

ኬፕለር ዲሴምበር 27 ቀን 1571 ተወለደ። አባቱ በቅጥር ወታደርነት ሲዞር ኖሮ በመጨረሻ ቤቱን ትቶ ቀረ። ልጁን በሕፃንነቱ የያዘው ፈንጣጣ ዓይኑን አደከመው። ሆኖም በ1577 እናቱ ካትሪና ከፍ ወዳለ ስፍራ ወስዳ ጅራታም ኮከብ አሳየችው።

ካደገ በኋላ መጋቢ ለመሆን በቱቢንገን ዩኒቨርሲቲ ነገረ መለኮት ተማረ። ነገር ግን ትምህርቱን ሳይፈጽም በ1594 በግራትስ ከተማ ወደሚገኝ የሉተራን ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህር ሆኖ ተላከ። መድረኩ ስለ ቀረበት ለጊዜው አዘነ፤ ቆይቶ ግን እግዚአብሔር በሰማይ ጥናትም እንደሚከብር ተረዳ። በ1600 እምነትህን ለውጥ ወይም ከከተማው ውጣ ሲባል፣ ቤተሰቡን ይዞ ወጣ። በፕራግ ከታላቁ የሰማይ ተመራማሪ ከቲኮ ብራሄ ጋር ሠራ፤ ብራሄ በ1601 ሲሞትም በቦታው ተተካ።

ኦክቶበር 9 ቀን 1604 ጁፒተር፣ ሳተርንና ማርስ በተቀራረቡበት የሰማይ ክፍል አዲስ ኮከብ ታየ። የፕራግ ሰማይ በደመና ተሸፍኖ ስለ ነበር ኬፕለር ኮከቡን ያየው ኦክቶበር 17 ቀን ነው። ቴሌስኮፕ ገና አልተሠራም ነበር። ሕዝቡ ፈርቶ አንዱ ዓለም በእሳት ትጠፋለች፣ ሌላው መንግሥታት ይገለበጣሉ ይል ነበር። ኬፕለር የዘመኑ ሰው እንደመሆኑ ከኮከብ ቆጠራ ጨርሶ ነፃ አልነበረም፤ ሆኖም ትንቢት ከመንዛት ይልቅ መለካትን መረጠ። የኮከቡ ቦታ ከሌሎቹ ከዋክብት አንጻር ምንም ስላልተንቀሳቀሰ፣ ከፕላኔቶች እጅግ ርቆ በከዋክብት መካከል እንዳለ አሳየ። ሰማይ አይለወጥም የሚለውን የአርስቶትልን ትምህርት ብራሄ በ1572 በታየ ሌላ ኮከብ አናግቶት ነበር፤ አሁን ደግሞ ይበልጥ ተናጋ። ኮከቡ ከአንድ ዓመት በላይ አብርቶ ጠፋ። ኬፕለርም በ1606 ስለ እርሱ መጽሐፍ አሳተመ።

ከዚያ በኋላ መከራ ተደራረበበት። በ1611 ባለቤቱና የስድስት ዓመት ልጁ ሞቱ። በ1612 ወደ ሊንዝ ሲሄድ፣ በአንድ የእምነት መግለጫ ላይ በሙሉ ልቡ መፈረም ስላልቻለ የገዛ ቤተ ክርስቲያኑ መጋቢ ከጌታ እራት ከለከለው። እናቱ በጠንቋይነት ተከስሳ ከአንድ ዓመት በላይ ታሰረች፤ ራሱ ተሟግቶላት በ1621 ነፃ ወጣች። ሦስተኛውን የፕላኔቶች ሕግ ያገኘው በዚሁ የክስ ዘመን ነው። ኖቬምበር 15 ቀን 1630 አረፈ፤ መቃብሩም በጦርነት ጠፋ።

በ1987 በጎረቤት ጋላክሲ፣ 160 ሺህ የብርሃን ዓመት ገደማ ርቆ፣ በዓይን የሚታይ ሱፐርኖቫ ፈነዳ፤ ቦታው ከጎግ ሲታይ በደቡብ በኩል ከአድማስ ብዙም ከፍ የማይል ነበር። አውስትራሊያዊው መጋቢ ሮበርት ኢቫንስም ከ1981 ጀምሮ ጋላክሲዎችን በቴሌስኮፕ አንድ በአንድ እየቃኙ ከ40 በላይ ሱፐርኖቫዎች አግኝተው በ2022 አርፈዋል።

ወገኖቼ፣ የኬፕለርን ታሪክ ሳነብ ልቤን የሚነካኝ ከኮከቡ ይልቅ የተከለከለው ማዕድ ነው። ቤተ ክርስቲያን ገፋችው፤ እርሱ ግን እምነቱን አልጣለም፣ ያላመነበትንም አልፈረመም። እኛ መጋቢዎች ከሚጠይቁን ወጣቶች ስንቱን የእምነት ጠላት አድርገን አይተን ይሆን? ስለ ኮከብ የጠየቀኝን ልጅ ዝም በል ብዬው ቢሆን ኖሮ፣ ሌላውን ጥያቄውን ወደ እኔ ይዞ አይመጣም ነበር። ስለዚህ በዚያ ሌሊት አብሬው ቆሜ ቀና አልሁ።