ቶሪቸሊና የወንድሜ መኪና

እህቶቼ፣ ወንድሜ ሰሞኑን ከአዲስ አበባ ደወለ። ወደ ሞተር የሚገባውን አየር ግፊት የሚለካው ሴንሰር፣ ሞተሩ ጠፍቶ 100 ኪሎፓስካል ማንበብ ሲገባው 77 ስላነበበ ተበላሽቷል ተባልኩ፣ ብር ላኪልኝ አለ። እኔ ትዝ ያለኝ ትምህርት ቤት የተማርነው ቶሪቸሊ ነው።

ቶሪቸሊ እ.ኤ.አ. በ1608 ጣሊያን አገር ተወለደ። በ1641 ዓይናቸው ለጠፋው ሽማግሌ ለጋሊሊዮ ጸሐፊ ሆኖ፣ እስኪሞቱ ሦስት ወር ያህል አብሯቸው ኖረ። በ1644 በጻፈው ደብዳቤ፣ በተገለበጠ ቱቦ ውስጥ ሜርኩሪ 76 ሳንቲሜትር ያህል ላይ የሚቆመው የውጪው አየር ክብደት ስለሚገፋው መሆኑን አስረዳ። በ1647 ገና በ39 ዓመቱ ሞተ። በ1648 ፈረንሳይ ውስጥ ቱቦውን ተራራ ላይ ይዘው ሲወጡ ሜርኩሪው ዝቅ አለ። እሱ ግን ይህን ሳያይ ነው ያለፈው።

አዲስ አበባም ከፍታ ላይ ናት፤ 77 ጤነኛ ንባብ ነው። የቤንዚን ሞተር ተነስቶ ቁጥሩ ካልወረደ ያኔ ይመርመር። ብሩን አልላክሁም።