የዊልያም ዊልሰን ታሪክ፤ ሌላውን በመርዳት ራሱን ያዳነ ሰው

ስካር ሰውን ከገንዘቡና ከክብሩ ብቻ ሳይሆን ከገዛ ፈቃዱም ይለያል። ሰካራም ጠዋት የማለውን መሐላ ማታ ያፈርሳል፤ ወዳጆቹም በመጨረሻ ቃሉን ማመን ይተዋሉ። ከዚህ እስራት ለመውጣት ብቻቸውን ታግለው የወደቁ ብዙዎች ናቸው። የአሜሪካው ዊልያም ዊልሰን ግን ብቻውን ሊቆም ባልቻለ ጊዜ ከሌላ ሰው ጋራ ሆኖ መቆምን አገኘ።

ዊልያም በፈረንጆች አቈጣጠር ኖቬምበር 26 ቀን 1895 ዓ.ም. በቬርሞንት አገር ኢስት ዶርሴት በምትባል መንደር ተወለደ። የዐሥር ዓመት ልጅ ሳለ አባትና እናቱ ተለያዩ፤ እርሱንና እኅቱንም የእናታቸው ወላጆች አሳደጉአቸው። በልጅነቱ ፈቃዱ ብርቱ ነበረ። ተወርውሮ ወደ ወርዋሪው የሚመለሰውን ቡመራንግ የሚባል እንጨት ከአውስትራሊያ ሰዎች በቀር ሊሠራ የሚችል እንደሌለ አያቱ በነገረው ጊዜ፥ ብዙ ወር እንጨት ሲጠርብ ቈይቶ ሠርቶ አሳየው። ይህ ብርቱ ፈቃድ ግን በኋላ በመጠጥ ፊት አልጠቀመውም።

በ1917 ዓ.ም. የጦር መኰንን ሳለ በአንድ ግብዣ ላይ የመጀመሪያውን መጠጥ ቀመሰ። ዐይነ አፋር ስለ ነበረ፥ መጠጡ ከሰው ጋራ እንደ ልብ ሲያጫውተው ደስ አለው። በ1918 ዓ.ም. ሎይስ በርናምን አገባ፤ ወደ ፈረንሳይም ዘምቶ ተመለሰ። ከዚያም በኒው ዮርክ በአክሲዮን ንግድ ብዙ ገንዘብ አገኘ። የሕግ ትምህርትም ተምሮ ነበር፤ ነገር ግን ከመጠጥ የተነሣ ዲፕሎማውን ሳይቀበል ቀረ። በ1929 ዓ.ም. የአክሲዮን ገበያ በወደቀ ጊዜ ሀብቱ ጠፋ፥ ስካሩም ባሰ። ሚስቱ በሱቅ ተቀጥራ ቤቱን ትደግፍ ነበር። እርሱም ዳግመኛ እንዳይጠጣ በቤታቸው መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ቃሉን እየጻፈ መልሶ ያፈርሰው ነበር።

በ1934 ዓ.ም. በኖቬምበር ወር የቀድሞ የመጠጥ ጓደኛው ኤቢ ታቸር ሊጠይቀው መጣ። ዊልያም መጠጥ ቢያቀርብለት እንቢ አለው፤ ከክርስቲያኖች ማኅበር ጋራ ሆኖ ጥፋቱን እየተናዘዘና እግዚአብሔርን እየለመነ መጠጥን እንደ ተወም ነገረው። ዊልያም በዲሴምበር ወር ስለ ስካሩ እንደ ገና ሆስፒታል ገባ። በዚያም ተስፋ በቈረጠ ጊዜ ወደ እግዚአብሔር ጮኸ፤ ታላቅ ሰላምም ተሰማው። ከዲሴምበር 11 ቀን 1934 ዓ.ም. በኋላ እስኪሞት ድረስ መጠጥ አልቀመሰም።

ከሆስፒታል እንደ ወጣ ሌሎችን ለማዳን ቸኰለ። አምስት ወር ያህል ሰካራሞችን እየፈለገ ቢሰብክላቸው አንድ ስንኳ መጠጥ የተወ አልተገኘም። ሐኪሙ ዶክተር ሲልክወርዝ ስብከቱን ቀንሶ ስለ በሽታው እንዲነግራቸው መከረው።

በሜይ ወር 1935 ዓ.ም. ስለ ንግድ ጉዳይ በኦሃዮ አገር ወደምትገኘው ወደ አክሮን ከተማ ሄደ። ጉዳዩም ሳይሳካ ቀረ፤ በማያውቀው ከተማ ብቻውን ሆነ፤ ኪሱም ባዶ ለመሆን ደረሰ። ቅዳሜ ቀን በሆቴሉ አዳራሽ ሲመላለስ በአንድ ወገን የመሸታ ቤቱን ሣቅ ይሰማ ነበር፤ በሌላው ወገን የአብያተ ክርስቲያናት ስም የተጻፈበት ሰሌዳ ቆሞ ነበር። ያን ጊዜ ሌላ ሰካራም ፈልጎ ካላነጋገረ እርሱ ራሱ እንደሚጠጣ ተረዳ። ስለዚህ ወደ መሸታ ቤቱ መግባትን ትቶ ለአንድ ቄስ ስልክ ደወለ። ቄሱ የሰዎችን ስም ሰጠው፤ አንዱን ከአንዱ እየጠየቀም ሄንሪየታ ሳይበርሊንግ ወደምትባል ደግ ሴት ደረሰ። እርስዋም በማግሥቱ በቤትዋ ከዶክተር ሮበርት ስሚዝ ጋራ አገናኘችው።

ዶክተር ስሚዝ በመጠጥ ሥራውን ሊያጣ የደረሰ ሐኪም ነበረ። የመጣውም 15 ደቂቃ ብቻ ሊቀመጥ ነበር፤ ነገር ግን ከ6 ሰዓት በላይ ተነጋገሩ። ዊልያም አልገሠጸውም፥ አልሰበከውምም፤ የራሱን ውድቀት ብቻ ነገረው። ዶክተሩም የገዛ ሕማሙን ከሌላ ሰው አፍ ሰማ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ዶክተሩ አንድ ጊዜ ዳግመኛ ወደቀ፤ ዊልያም ግን አልተወውም። ዶክተሩ ለመጨረሻ ጊዜ የጠጣበት ጁን 10 ቀን 1935 ዓ.ም. የማኅበሩ መጀመሪያ ሆኖ ይቈጠራል። ሁለቱም ሳይዘገዩ ሦስተኛውን ሰው ፍለጋ ወደ ሆስፒታል ሄዱ።

በ1939 ዓ.ም. መንገዳቸውን የሚያስረዳ መጽሐፍ ታተመ፤ ማኅበሩም ስማቸውን የማይገልጹ ጠጪዎች ማኅበር የሚል ስም አገኘ። በጉባኤው የሚገባ ሰው መጠጥ ለመተው ከመፈለግ በቀር ሌላ ነገር አይጠየቅም። የመግቢያ ዋጋ የለም፤ ሀብታምና ድኻ፥ ምሁርና መሃይም በአንድነት ይቀመጣሉ። አንዱ የመጀመሪያ ስሙን ብቻ ተናግሮ እንዴት እንደ ወደቀና እንዴት እንደ ተነሣ ይናገራል፤ ሌሎቹም ሳይፈርዱ ይሰሙታል። ለዘላለም አልጠጣም ብሎ ከመማል ይልቅ የዛሬን ቀን ያለ መጠጥ ለማደር ይተጋል፤ ነገም እንደዚሁ። ቈይቶ የጸና አዲሱን ይደግፋል፤ በዚህም እርሱ ራሱ ይጸናል። ዛሬ ይህ ጉባኤ በ180 ያህል አገሮች ይገኛል። ሎይስም በበኩልዋ በ1951 ዓ.ም. ለጠጪዎች ቤተ ሰብ ሌላ ማኅበር አቋቋመች።

ዊልያም በዚህ ሥራ ክብርን አልፈለገም፤ በ1954 ዓ.ም. የዬል ዩኒቨርሲቲ የክብር ማዕርግ ሊሰጠው ቢያስብ አልተቀበለም። ፍጹም ሰው ግን አልነበረም፤ ትምባሆን ለብዙ ዘመን ስላጨሰ ሳንባው ታሞ ጃንዋሪ 24 ቀን 1971 ዓ.ም. ዐረፈ።

ኀምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለኀምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው። በመጠጥ የተያዘ ሰው ሸክሙን በቤቱ ደብቆ ብቻውን ቢይዘው ይጥለዋል። ስለዚህ ጉባኤው የሚደረግበትን ስፍራና ሰዓት ለመጠየቅ፥ ደጁንም አልፎ ለመግባት አይፈር። በዚያ የሚቀበሉት ሰዎች እንደ እርሱ የወደቁ ናቸውና፤ የእርሱም መምጣት እነርሱን ይረዳቸዋል።