ዣን ለ ሮን ዳላምቤር

ዣን ለ ሮን ዳላምቤር (ኖቬምበር 16 ቀን 1717 – ኦክቶበር 29 ቀን 1783 እ.ኤ.አ.) የፈረንሳይ የሒሳብ ሊቅ፣ የፊዚክስ ተመራማሪና ፈላስፋ ነበር። ከዴኒ ዲድሮ ጋር ሆኖ ታላቁን የፈረንሳይ ኢንሳይክሎፒዲያ አዘጋጅቷል። በፊዚክስ የዳላምቤር መርህ፣ በሒሳብ ደግሞ የሞገድ እኩልዮሽ በስሙ ይታወቃሉ። ከሊቃውንት ዓለም ውጭ ግን ስሙ ይበልጥ የሚነሣው በቁማር ቤቶች ነው። ተወራራጆች የሚጠቀሙበት አንድ ገንዘብ የመጨመርና የመቀነስ ስልት «ዳላምቤር» ይባላል። ስልቱ የቆመው ዳላምቤር ስለ ዕድል ካሰበው የተሳሳተ ሐሳብ ላይ ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልደትና አስተዳደግ

ዳላምቤር የተወለደው በፓሪስ ነው። እናቱ ክሎዲን ደ ታንሳን በከተማው ስመ ጥር የሆነች ወይዘሮ ስትሆን፣ አባቱ ሉዊ ካሙ ዴቱሽ የመድፈኛ ጦር መኮንን ነበር። ሁለቱ አልተጋቡም ነበርና እናቱ ሕፃኑን በተወለደ በጥቂት ቀናት ውስጥ በኖትር ዳም አጠገብ በነበረው በቅዱስ ዣን ለ ሮን ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ አስጣለችው። የክርስትና ስሙም ከዚያ ቤተ ክርስቲያን ተወሰደ። አባቱ ልጁን አስፈልጎ ካገኘው በኋላ ማዳም ሩሶ ለተባለች የመስታወት ገጣጣሚ ሚስት በአሳዳጊነት ሰጠው። ዳላምቤር ይህችን ሴት እንደ እናቱ ቆጥሮ፣ ታዋቂ ሰው ከሆነም በኋላ እስከ 1765 ድረስ በእርሷ ቤት ኖሯል።

አባቱ በ1726 ሲሞት በየዓመቱ 1,200 ሊቭር የሚከፈል አበል ተወለት። ገንዘቡ ሀብታም የሚያደርግ ባይሆንም ለትምህርትና ለኑሮ ይበቃ ነበር። ዳላምቤርም በዚሁ ልክ መኖርን ልማዱ አደረገ።

ትምህርትና የሒሳብ ሥራዎች

በፓሪስ በማዛሪን ኮሌጅ ከተማረ በኋላ ሕግ አጥንቶ በ1738 የጥብቅና ፈቃድ አገኘ። ሕክምናም ጀምሮ ነበር፤ ሆኖም ሁለቱንም ትቶ በአብዛኛው በግል ጥረቱ ወደ ተማረው ሒሳብ ተመለሰ። በ1741፣ ገና በ23 ዓመቱ፣ የፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ አባል ሆነ። በ1743 የእንቅስቃሴ ሕግጋትን የሚመለከተውን ዋና መጽሐፉን አሳተመ፤ የዳላምቤር መርህ የሚባለው በዚህ መጽሐፍ ይገኛል። በ1747 የሚንቀጠቀጥ ክር እንዴት እንደሚወዛወዝ የሚገልጸውን የሞገድ እኩልዮሽ አቀረበ። በ1749 ደግሞ የምድር ዛቢያ አቅጣጫውን ቀስ በቀስ የሚለውጥበትን ምክንያት በስሌት አሳየ።

በኢንሳይክሎፒዲያው ዝግጅት የሒሳብና የሳይንስ ክፍሎችን ይመራ ነበር። በ1751 ለታተመው የመጀመሪያው ቅጽ መግቢያውን የጻፈው እርሱ ነው። ሥራው ከመንግሥትና ከቤተ ክህነት ተቃውሞ ሲበዛበት ከአዘጋጅነቱ ለቀቀ፤ ዲድሮ ግን እስከ መጨረሻው ገፋበት።

የሳንቲሙ ጥያቄ

በ1754 በወጣው አራተኛ ቅጽ ዳላምቤር ስለ ሳንቲም ውርወራ ጽፏል። ጥያቄው ቀላል ነው፤ ሳንቲም ሁለት ጊዜ ቢወረወር ቢያንስ አንድ ጊዜ ዘውድ የመውጣቱ ዕድል ስንት ነው?

የተለመደው መልስ ከአራት ሦስት ነው። ሊሆኑ የሚችሉት አራት ናቸው፦ ዘውድና ዘውድ፣ ዘውድና ጎፈር፣ ጎፈርና ዘውድ፣ ጎፈርና ጎፈር። ከእነዚህ በሦስቱ ዘውድ አለ። ዳላምቤር ግን በመጀመሪያው ውርወራ ዘውድ ከወጣ ጨዋታው ስለሚያበቃ ሁለተኛውን መቁጠር አያስፈልግም አለ። ስለዚህ ያሉት ሦስት ብቻ ናቸው ብሎ መልሱን ከሦስት ሁለት አደረገው። ስሕተቱ ሦስቱን እኩል መቁጠሩ ነው። በመጀመሪያው ውርወራ ዘውድ የመውጣቱ ዕድል ግማሽ ሲሆን፣ የቀሩት ሁለቱ እያንዳንዳቸው ሩብ ብቻ ናቸው። ተቃውሞ ቢቀርብበትም ዳላምቤር ጥርጣሬውን አልተወም።

ከዚህም ሌላ፣ ጎፈር ብዙ ጊዜ ተከታትሎ ከወጣ በቀጣዩ ውርወራ ዘውድ የመውጣቱ ዕድል ይጨምራል የሚል አስተሳሰብ ነበረው። ይህ ዛሬ የተወራራጆች ስሕተት ይባላል። ሳንቲም ያለፈውን አያስታውስም፤ አሥር ጊዜ ጎፈር ከወጣ በኋላም የዘውድ ዕድል ያው ግማሽ ነው።

በስሙ የሚጠራው የውርርድ ስልት

የዳላምቤር ስልት ማሸነፍና መሸነፍ ውሎ አድሮ ይመጣጠናል በሚል ግምት የተሠራ ነው። ተወራራጁ በተሸነፈ ቁጥር ውርርዱን በአንድ መደብ ይጨምራል፤ ባሸነፈ ቁጥር በአንድ መደብ ይቀንሳል። መደቡ 10 ብር ቢሆን 10 ብር የተበላ ሰው ቀጥሎ 20 ያስይዛል። ካሸነፈ በሁለቱ ጨዋታ 10 ብር አትርፎ ወደ 10 ብር ይመለሳል።

ከዚህ የበለጠ አደገኛው ማርቲንጌል የተባለው ስልት ሲሆን በእርሱ ውርርዱ በተሸነፉ ቁጥር እጥፍ ይሆናል። የዳላምቤር የዘመኑ ሰው የነበረው የቬኒሱ ጃኮሞ ካዛኖቫ በማርቲንጌል ተጫውቶ መጀመሪያ እንዳሸነፈ፣ በኋላም ገንዘቡን እንዳጣ በትዝታ መጽሐፉ ተርኳል።

የሁለቱን ልዩነት በምሳሌ ማየት ይቻላል። አንድ የሚዛን አማን ነዋሪ ከቡና ሽያጭ ያገኘውን 1,000 ብር ይዞ በ10 ብር መደብ ቢጀምር፣ በማርቲንጌል ስድስት ጊዜ በተከታታይ ከተሸነፈ 630 ብር ይከስራል። ለሰባተኛው 640 ብር ያስፈልገዋል፤ የቀረው ግን 370 ነው። በዳላምቤር ስልት ተመሳሳይ ስድስት ሽንፈት የሚያስከፍለው 210 ብር ነው። በዚህ ስልት ገንዘቡ ቀጣዩን ውርርድ መሸፈን የሚያቅተው ከ13 ተከታታይ ሽንፈቶች በኋላ፣ 910 ብር ከተበላ ወዲያ ነው።

ይህ ልዩነት የሚያዘገየው ኪሳራውን ነው እንጂ ዕድሉን አይለውጠውም። በአውሮፓው ሩሌት 37 ቁጥሮች አሉ፤ 18 ቀይ፣ 18 ጥቁርና አንድ ዜሮ። በቀይ የተወራረደ ሰው የማሸነፍ ዕድሉ ከ37 ውስጥ 18 ነው፣ ወይም 48.6 በመቶ ገደማ። በዚህም ምክንያት በማናቸውም ስልት ቢጫወት፣ ካስያዘው ከእያንዳንዱ 1,000 ብር በአማካይ 27 ብር ያህል ለቤቱ ይቀራል። ስድስት ተከታታይ ሽንፈትም ከ55 ሙከራ አንድ ጊዜ ገደማ የሚያጋጥም ነው።

በስፖርት ውርርድ ነገሩ ይብሳል። ኦዱ 1.85 ከሆነ 10 ብር ያስያዘ ሰው ሲያሸንፍ የሚያተርፈው 8 ብር ከ50 ሳንቲም ነው። በዳላምቤር ስልት 60 ብር ተበልቶ ቀጥሎ 70 ብር ቢያስይዝና ቢያሸንፍ ትርፉ 59 ብር ከ50 ሳንቲም ይሆናል። አንድ ተሸንፎ አንድ አሸንፎ፣ ማለትም ውጤቱ እንደ ስልቱ ተስፋ ተመጣጥኖም እንኳ፣ 50 ሳንቲም ከስሯል። ውርርዱ ባደገ ቁጥር ይህ ጉድለት እየሰፋ ይሄዳል።

አሜሪካዊው ጆን ኬሊ በ1956 ተወራራጅ ካለው ገንዘብ ምን ያህሉን ማስያዝ እንደሚገባው የሚያሰላ ቀመር አውጥቷል። ቀመሩ ለሩሌት ሲሠራ ውጤቱ ከዜሮ በታች ነው፤ ትርጉሙም ምንም አለማስያዝ ነው። አስቀድሞ የኪሳራ ወሰን መቁረጥ የሚጠፋውን ገንዘብ ይገድባል፤ የተወራራጁን ዕድል ግን አያሻሽልም።

በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ የብሔራዊ ሎተሪ የተቋቋመው በ1954 ዓ.ም. ነው። በቅርብ ዓመታት ደግሞ በእግር ኳስ ውጤት ላይ የሚደረገው ውርርድ በተለይ በወጣቶች ዘንድ ተስፋፍቷል። የተበላን ገንዘብ ለማስመለስ ቀጥሎ ከፍ አድርጎ ማስያዝ፣ የስልቱን ስም የማያውቁ ተወራራጆችም የሚያደርጉት ነገር ነው።

የመጨረሻ ዓመታትና ሞት

ዳላምቤር ራሱ ለገንዘብ የሚጓጓ ሰው አልነበረም። በ1762 የሩሲያ ንግሥት ዳግማዊት ካትሪን እጅግ ከፍ ባለ ደመወዝ ልጇን እንዲያስተምር ስትጠራው እምቢ አለ። የፕሩሲያው ንጉሥ ዳግማዊ ፍሬድሪክ የበርሊን አካዳሚን እንዲመራ ቢጠይቀውም አልተቀበለም። በምትኩ ወጣት ሊቃውንትን ይረዳ ነበር፤ ላግራንዥን ለበርሊን ያጨው፣ ላፕላስንም በፓሪስ የመምህርነት ሥራ ያስገኘለት እርሱ ነው። ላፕላስ በኋላ የዕድል ሒሳብን በጽኑ መሠረት ላይ ካቆሙት ሊቃውንት አንዱ ሆነ፤ አሳዳጊው የሳተበትን የሳንቲም ጥያቄም በሚገባ አብራርቷል።

በ1772 የፈረንሳይ አካዳሚ ቋሚ ጸሐፊ ሆነ። በ1776 የቅርብ ወዳጁ ዡሊ ደ ሌስፒናስ ከሞተች በኋላ ብቸኝነት ከበደው። በ1783 በ65 ዓመቱ በፓሪስ አረፈ። ሃይማኖት የለሽ በመሆኑ ያለ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት፣ ምልክት በሌለው የጋራ መቃብር ተቀበረ።