መልካም ነገር መልካም የሆነው ለምንድን ነው? የፈላስፋው ዘርዓ ያዕቆብ ሕይወት

ውድ አንባቢ ሆይ፣ አንድ ሥራ መልካም የሚሆነው እግዚአብሔር ስላዘዘው ነው? ወይስ እግዚአብሔር ያዘዘው መልካም ስለሆነ ነው? ይህ ጥያቄ ከግሪኩ ሶቅራጥስ ዘመን ጀምሮ ፈላስፎችን ሲያከራክር ኖሯል፤ ዛሬም አልተዘጋም። በአገራችን ይህን ጥያቄ በስደትና በረሃብ ውስጥ ሆኖ የመረመረ ሰው አለ። እርሱም ዘርዓ ያዕቆብ ነው፤ ንጉሡን ሳይሆን ፈላስፋውን ማለታችን ነው።

ሕይወቱን የምናውቀው ሐተታ ከተባለው የግዕዝ መጽሐፍ ነው። በመጽሐፉ መሠረት እ.ኤ.አ. በ1599 በአክሱም አካባቢ ከድሃ ገበሬ ተወለደ። ዜማ፣ ቅኔና የመጻሕፍት ትርጓሜ ተምሮ በአክሱም መምህር ሆነ። ዐፄ ሱስንዮስ እ.ኤ.አ. በ1622 የካቶሊክን እምነት በይፋ ሲቀበሉ አገር ተከፋፈለ፤ ብዙ ደምም ፈሰሰ። ዘርዓ ያዕቆብ የፈረንጆቹንም የግብጻውያኑንም ትርጓሜ ጎን ለጎን ያስተምር ስለነበር ሁለቱም ወገኖች ጠሉት። ወልደ ዮሐንስ የተባለ ካህንም ሕዝቡን በንጉሡ ላይ ያነሣሣል ብሎ ከሰሰው። እርሱም ሦስት ወቄት ወርቅና መዝሙረ ዳዊቱን ይዞ በሌሊት ሸሸ። ወደ ሸዋ ሲጓዝ በተከዜ ወንዝ አጠገብ ዋሻ አገኘና በዚያ ሁለት ዓመት ተቀመጠ።

አንባቢ ሆይ፣ በእግዚአብሔር ስም የሚያሳድዱህ ሰዎች ቢነሡብህ ምን ትጠይቃለህ? እርሱ በዋሻው ውስጥ ሁሉም እውነት ከእኔ ጋር ነው ካለ ማን ይፈርዳል ብሎ ጠየቀ። ያገኘው መልስ ፈጣሪ ለሰው ሁሉ ልቡና ሰጥቷል፤ በዚህ ብርሃን የሚመረምር መልካሙን ከክፉው ይለያል የሚል ነበር። በዚህ ሚዛን መዝኖ ምንኩስና ከጋብቻ ይበልጣል የሚለውን ትምህርትና ሰውን እንደ ከብት መሸጥን ነቀፈ።

ሱስንዮስ እ.ኤ.አ. በ1632 ሲሞቱ ከዋሻው ወጥቶ ወደ እንፍራዝ ሄደ። በዚያም በባለጠጋው በሀብቱ ቤት ጸሐፊና የልጆች አስተማሪ ሆነ። የቤቱን አገልጋይ ኂሩትን ሲያገባ፣ ባልና ሚስት በጋብቻ እኩል ናቸው ብሎ እንደ አገልጋይ ሳይሆን እንደ ሚስት ያዛት። በደቀ መዝሙሩ በወልደ ሕይወት ልመና እ.ኤ.አ. በ1667 ሐተታውን ጻፈ፤ በ1692 አረፈ።

ኢጣሊያዊው ሊቅ ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 መጽሐፉ የካፑቺኑ መነኩሴ የጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ሥራ ነው አለ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ክላውድ ሰምነር ደግሞ የኢትዮጵያዊ ነው ብለው ተከራከሩ። ክርክሩ ዛሬም አልቆመም፤ የተነሣው ጥያቄ ግን በጸሐፊው ማንነት አይሻርም።

ታዲያ እኛ ወንጌል አማኞች ምን እንላለን? ሐዋርያው ጳውሎስ በሮሜ 2፥14-15 ሕግ የሌላቸው አሕዛብ እንኳ የሕጉ ሥራ በልባቸው እንደተጻፈ ያስተምራል። እስከዚህ ድረስ ዘርዓ ያዕቆብ ከእውነት አልራቀም። ነገር ግን ልብ ተንኮለኛ መሆኑን ኤርምያስ 17፥9 ይነግረናል። ደግሞም መልካሙን ማወቅና መልካሙን ማድረግ አንድ አይደሉም፤ ሮሜ 7 ይህን ይመሰክራል። ልቡና መንገዱን ሊያሳይ ይችላል፤ የወደቀውን የሚያነሣው ግን አዳኙ ክርስቶስ ብቻ ነው።

ሆኖም ወገኔ፣ የዋሻው ሰው ጥያቄ ለእኛም ነው። በጉባኤህ የሰው ሥርዓት የእግዚአብሔር ትእዛዝ ተብሎ ሲሰበክ ዝም ብለህ ትቀበላለህ? ወይስ እንደ ቤርያ ሰዎች ቃሉን ትመረምራለህ? ወንድምህንስ በጌታ ስም ከሰህ ወደ ዋሻ አሳድደኸው ይሆን? ዛሬውኑ ራስህን መርምር።

ጌታ ማስተዋልን ይስጠን። አሜን።