ጥላሁን ገሠሠ፤ ከማሲንቆው አጠገብ ወደ ነሐሱ ባንድ

በጎንደር ከተማና በዙሪያዋ ባለው ደጋ ማሲንቆ የሚይዝ ልጅ ብዙውን ጊዜ ማሲንቆውን የሚቀበለው ከአባቱ ወይም ከአጎቱ እጅ ነው። የአዝማሪ ቤተሰብ ሙያውንም፣ እርስ በርሱ ብቻ የሚግባባበትንም ቋንቋ ለልጁ ያወርሳል፤ ልጁም ድምፁ ገና ሳይጎረምስ ከድግስ ወደ ድግስ እየዞረ ይዘፍናል። ሕዝቡ ዘፈኑን ይወድ ነበር፤ ለዘፋኙ ግን ልጁን አይድርም ነበር። ይህ ንቀት ከጎንደር አልፎ በመላ አገሪቱ የጸና ስለ ነበረ፣ ከአዝማሪ ቤት ያልተወለደ ልጅ ዘፋኝ ለመሆን ሲነሣ ወላጆቹን ምን ያህል እንደሚያስደነግጥ መገመት አያዳግትም። ጥላሁን ገሠሠ እንዲህ ያለ ልጅ ነበር።

ጥላሁን መስከረም 17 ቀን 1933 ዓ.ም.፣ በመስቀል በዓል ዕለት፣ በአዲስ አበባ ተወለደ። ያደገው ግን ወሊሶ በአያቱ ቤት ነው፤ የተማረውም እዚያው በራስ ጎበና ትምህርት ቤት ነበር። አያቱ ልጁ ከትምህርቱ ሌላ ነገር እንዲያስብ አይፈልጉም ነበር። የትምህርት ቤቱ ዲሬክተር የነበሩት ሱዳናዊው ሚስተር ሸዳድ በአንጻሩ ተሰጥኦውን አይተው ወደ አዲስ አበባ እንዲሄድ መከሩት። እዮኤል ዮሐንስ፣ ንጋቷ ከልካይና ሌሎችም የሀገር ፍቅር ከያንያን ለትርኢት ወደዚያ በመጡ ጊዜ ደግሞ ጥላሁን ምኞቱን ለእዮኤል ገለጠለት፤ ያገኘው ምክር ከዲሬክተሩ የተለየ አልሆነም።

ከቤት ጠፍቶ በእግሩ መንገድ ጀመረ። ቱሉ ቦሎ ደርሶ ከዘመድ ቤት ቢያድርም ወደ ወሊሶ መለሱት። ሁለተኛው ሙከራ ግን አልከሸፈም፤ ዕቃ በጫነ የጭነት መኪና ላይ ተደብቆ ከ110 ኪሎ ሜትር የሚበልጠውን መንገድ ጨርሶ አዲስ አበባ ገባ። አንድ ሕፃን ልጅ ይህን ሁሉ የደፈረው፣ ቢሳካለት እንኳ የሚያገኘው ስም ቤተሰቡ የሚያፍርበት መሆኑን እያወቀ ነው።

በ1927 ዓ.ም. የተቋቋመው ሀገር ፍቅር ተቀበለው። በዚያ የነበረው ሙዚቃ የማሲንቆ፣ የክራር፣ የዋሽንትና የከበሮ ሲሆን፣ ማሲንቆ ዘፋኙን ይከተላል፤ ዘፋኙ ሲያዘገም ያዘግማል፣ ሲቸኩል ይቸኩላል። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ የገባበት የክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ሌላ ዓለም ነበር። መለከቱ፣ ሳክስፎኑና ትሮምቦኑ በተጻፈ ኖታ ስለሚሄዱ ማንንም አይጠብቁም። ከዚህም በላይ፣ ትዝታም ሆነ ባቲ ባለ አምስት ድምፅ ቅኝት ሲሆን፣ የነሐሱ መሣሪያ የተሠራው ስምንቱን ድምፅ በ12 እኩል ግማሽ ድምፆች ለሚከፍል ሥርዐት ነው። በሁለቱ መካከል የሚቀረውን ቀጭን ልዩነት በጉሮሮው የሚያስታርቀው ዘፋኙ ነው። እንደ ሣህሌ ደጋጎ ያሉ አቀናባሪዎች መሠረቱን ጣሉ፤ የአገሩን እንጉርጉሮ ሳያጎድል በዚያ ሁሉ ነሐስ ላይ ከፍ ብሎ መሰማት ግን የጥላሁን ሥራ ነበር። ይህን በትምህርት ቤት አላጠናውም፤ ገና በወጣትነቱ ግን የኦርኬስትራው ዋነኛ ኮከብ ሆነ።

በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛ አዛዦች የመንግሥት ግልበጣ ሞክረው ሲከሽፍባቸው፣ ጥላሁንም ተይዞ ለጊዜው ታሰረ። ዕድሜው ገና 20 ነበር። በኋላም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ ማለትም በአሁኑ ብሔራዊ ቴአትር፣ ሠራ።

የዘፈን ዝናን በተራ ቁጥር የሚመዘግብ ሰንጠረዥ በሌለበት አገር፣ መለኪያው ሬዲዮና የአዳራሹ ጭብጨባ ነበር። በ1961 ዓ.ም. የግል ሸክላ አሳታሚዎች ብቅ ሲሉ ደግሞ የጥላሁን ድምፅ በፊሊፕስና በካይፋ ሸክላዎች ወጣ። በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞረው ትንሹ ሸክላ በአንድ ገጹ ከጥቂት ደቂቃ የበለጠ አይዝምና፣ በሠርግ ቤት ሌሊቱን ሙሉ ሊፈስ የሚችል እንጉርጉሮ በዚያች ጠባብ ጊዜ መጠቅለል ነበረበት። ጥላሁን በአማርኛም በኦሮምኛም ዘፈነ፤ ፍቅርን ብቻም አይደለም። «ዋይ ዋይ ሲሉ» የወሎን ረኀብ ያሰማ ዘፈኑ ነው።

የኋለኛው ዘመኑ ከባድ ነበር። በ1985 ዓ.ም. አንገቱ ላይ በስለት ተጎዳ፤ የስኳር በሽታም አንድ እግሩን አሳጣው፤ እርሱ ግን በተሽከርካሪ ወንበር ሆኖ እንኳ ከመድረክ አልራቀም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሰጠው።

በመስቀል ዕለት የተወለደው ድምፃዊ ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ በትንሣኤ በዓል ዕለት፣ አዲስ አበባ ላይ ዐረፈ። የቀብር ሥነ ሥርዐቱ በመንግሥት ደረጃ በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተፈጸመ። በ1953 ዓ.ም. መንግሥታቸው ያሰረው የንጉሠ ነገሥቱም ዐፅም በ1993 ዓ.ም. ያረፈው በዚያው ካቴድራል ነው።