አል-ኸዋሪዝሚ እና የውርስ ሂሳብ

አል-ኸዋሪዝሚ በተወሳ ቁጥር ዜሮን የፈጠረ ሙስሊም እየተባለ ሲወደስ እሰማለሁ። ውዳሴው ከፍቅር የመነጨ ነው፤ እኔ ግን አልስማማበትም። ሕንዳዊው ብራህማጉፕታ በዜሮ ስለሚደረግ ስሌት ደንብ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ628፣ አል-ኸዋሪዝሚ ከመወለዱ ከመቶ ዓመት በላይ ቀድሞ ነው። የሌላውን ሕዝብ ድርሻ ለእርሱ ስንሰጥ የገዛ ሥራውን እናስረሳበታለን።

ሙሐመድ ኢብን ሙሳ የተወለደው በ780 አካባቢ ነው። መጠሪያው ከአራል ባሕር በስተደቡብ ካለው ከኸዋሪዝም ምድር የመጣ ቢሆንም የሠራው በባግዳድ ነው። ከ813 እስከ 833 የገዛው ኸሊፋ አል-መእሙን የግሪክን፣ የሕንድንና የፋርስን ዕውቀት በሊቃውንት ያስመረምር ነበር፤ እርሱም በበይቱል ሒክማ ከሠሩት አንዱ ነው። የሕንዶችን ተከትሎ የከዋክብት ሰንጠረዥ አዘጋጀ፤ ከ2,400 በላይ ቦታዎችንም ከነኬክሮስና ኬንትሮሳቸው ዘረዘረ።

ለእኔ ትልቁ ሥራው በኸሊፋው አበረታችነት ስለ አል-ጀብርና ሙቃበላ የጻፈው መጽሐፍ ነው። አል-ጀብር ከአንዱ ወገን የተቀነሰውን መልሶ መሙላት፣ ሙቃበላ በሁለቱም ወገን ያለውን ተመሳሳይ ማጣፋት ነው። ተማሪዎቻችን የሚያውቋቸው ኤክስና ዋይ የሉበትም፤ ሁሉም በቃላት ነው። አንድ ቁጥር በራሱ ተባዝቶ፣ በዚያ ላይ የቁጥሩ አሥር እጥፍ ቢደመር 39 ይሆናል፤ ቁጥሩ ስንት ነው? የ10 ግማሽ 5፤ 5 በ5 ሲባዛ 25፤ ከ39 ጋር 64፤ የ64 ሥር 8፤ 5 ሲነሳለት 3። ባቢሎናውያን ይህን መሰል ጥያቄ ከርሱ ከሁለት ሺህ ዓመታት በላይ ቀድመው ይፈቱ ነበር። እርሱ ጥያቄዎቹን በ6 ዓይነት መድቦ ለእያንዳንዱ መንገድ አበጀ፤ መንገዱ ለምን እንደሚሠራም በሥዕል አሳየ።

ግማሽ ያህሉ መጽሐፍ ስለ ኑዛዜና ውርስ መሆኑን ስንቶቻችን እናውቃለን? አንዲት ሴት ባሏን፣ አንድ ወንድና ሦስት ሴቶች ልጆችን ትታ ትሞታለች፤ ከሀብቷ አንድ ስምንተኛና አንድ ሰባተኛውን ለባዳ ተናዛለች። ኑዛዜው ከሲሶ ስለማያልፍ አስቀድሞ ይከፈላል። ከቀሪው ባል ሩቡን ይወስዳል፤ የተረፈው ወንዱ የሴቷን እጥፍ እያገኘ ለልጆቹ ይከፋፈላል። ሀብቱ 1,120 እጅ ቢደረግ ለባዳው 300፣ ለባል 205፣ ለወንዱ ልጅ 246፣ ለእያንዳንዷ ሴት ልጅ 123 ይደርሳል። ይህ በሽማግሌ ግምት ቢከፈል የማን ሐቅ ይጎድል ነበር? የሴት ልጅ ድርሻ በይሁንታና በይሉኝታ የሚዋጥበት ቤት በእኛስ መካከል የለም? አል-ኸዋሪዝሚ ያን ሁሉ ክፍልፋይ የደከመበት ለእንዲህ ያለችው ወራሽ ጭምር ነው።

በ850 አካባቢ አረፈ። የቼስተሩ ሮበርት የአል-ጀብሩን መጽሐፍ በ1145 ስፔን ውስጥ ወደ ላቲን መለሰው። ስለ ቁጥሮች የጻፈው ግን ዐረብኛው ጠፍቶ የላቲኑ ትርጉም ብቻ ቀርቷል፤ አልጎሪዝም የሚለው ቃልም በላቲን አፍ ከተለወጠው ስሙ የተገኘ ነው። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ቁጥሮቹ የሕንዶች መሆናቸውን የሚናገረው ራሱ ነው።